እስከ ደረት የሚደርስ ውኃ

አባቴ ኮልፌ ቀራንዮ ያለው ቤታችን ጓሮ የመዋኛ ገንዳ ሲያስቆፍር አበደ ብዬ ነበር። መዋኘት አይችልም። ከቤተሰባችንም አንድ የሚችል የለም። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲነግድ ኖሮ፣ ሱቁን ሊዘጋ ሲል አንድ ሀብታም ዘመድ ቤት አይቶ መጣና እኔስ ምን ያንሰኛል አለ። ሰፈሩ በሙሉ በሳምንት አንድ ቀን በፈረቃ በምትመጣ ውኃ ይኖራል፣ እኛ ደግሞ ገንዳ አለን! ከማፈሬ የተነሳ እንግዳ ወደ ጓሮ አላሳልፍም ነበር።

ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው ግን ያ የማፍርበት ጉድጓድ ተስፋዬ ሆነ። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ባለሙያ ገንዳውን አይታ፣ «እስከ ደረቱ ከደረሰ ውኃው ራሱ ክብደቱን ይሸከምለታል፤ እዚያ ውስጥ አራምጂው» አለችኝ። እውነቷን ነው። መሬት ላይ ሁለት ሰው ደግፎት የማይቆመው አባቴ፣ ውኃ ውስጥ እጄን ብቻ ይዞ ከዳር እስከ ዳር ይሄድ ጀመር። ሲደርስ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ይስቃል። እኔም በሐሳቤ አስፋልቱ ዳር አብሬው ስሄድ ይታየኛል።

ክረምቱ ሲያልፍ ውኃው መጉደል ያዘ። ፀሐይ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። በኋላ የጠራሁት የቧንቧ ሠራተኛ ባልዲ ሞልቶ የገንዳው ደረጃ ላይ አስቀመጠና ባልዲውም ገንዳውም ላይ ምልክት አደረገ። ፀሐይ ከሆነ ሁለቱም እኩል ይጎድላሉ አለ። በማግስቱ ባልዲው እንዳለ ነው፤ ገንዳው አንድ ጣት ወርዷል።

«ከሥሩ መረሬ አፈር ነው፤ በበጋ ሲሰነጠቅ ሲሚንቶውንም ይዞት ይሄዳል። ባዶ ካልሆነ አይጠገንም» አለኝ።

ባዶ ካደረግሁት በምን ልሞላው ነው? በቦቴ እንዳላስመጣ መንገዳችን ለፍሳሽ ቱቦ ተቆፍሮ አፉን እንደከፈተ ቀርቷል። ስለዚህ ፈረቃችን በደረሰ ቁጥር ለልብስ እንኳ ሳላስቀር ጎማውን ገንዳው ውስጥ እከታለሁ። እኔ እሞላለሁ፣ መሬቱ ይጠጣል። ውኃው ከአባቴ ደረት ዝቅ ባለ መጠን እርምጃው ሲከብደው አያለሁ።

በዚህ መሐል ጎረቤታችን ሞቱ። ፈረቃው ተዛብቶ ውኃ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የእድራችን ዳኛና ሁለት ሴቶች መጥተው አባቴ ፊት ጎንበስ ብለው ቆሙ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ለቅሶ ቤት ዕቃ የምናጥብበት አጣን። ከገንዳው ቢፈቅዱልን» አሉ ዳኛው።

በእኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት የተፈለገ ነገር አይከለከልም። አውቃለሁ። ግን አፌ ቀደመኝ፤ «መድኃኒቱ እኮ ነው! በምን ይራመድ?» አልኩ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ።

አባቴ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ገላመጠኝ። «ነውር ነው። በሩን ክፈቺላቸው።»

ከፈትኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ጀሪካን ገባ፣ ጀሪካን ወጣ። ማንም አልበደለኝም፤ እየመረቁኝ ነው የቀዱት። እኔ ግን እያንዳንዳቸውን ጠላኋቸው። ሐዘንተኛ መጥላት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ አየሁት።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት አባቴን ይዤው ገባሁ። ውኃው ከወገቡ አያልፍም። ሁለት እርምጃ ሄደ፣ በሦስተኛው ጉልበቱ ከዳው። ክብደቱ በሙሉ እኔ ላይ ወደቀ። እንደምንም ጎትቼ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«ውኃ ሲመጣ እሞላዋለሁ አባዬ። ደግሞ ትሄዳለህ» አልኩት።

«ተይው ልጄ» አለኝ፣ በደህናው እጁ ፀጉሬን እየነካካ። «እኔ እንኳ ተስፋ ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ። አንቺን ደስ ስለሚልሽ ነው የምገባው። ነገ ስሞት የሚሸከሙኝ ግን እነሱ ናቸው። በር ዘግተንባቸው በምን አንጀታቸው ያንሱኝ?»

ለካ ያን ሁሉ ወራት ይራመዳል ብዬ የማምነው እኔ ብቻ ነበርኩ።