አንድ ካቴና ለሁለት ሰፈር

በእኛ ከተማ ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ወንድ ነው ሴት?» አይደለም፤ «ከላይ ነው ከታች?» ነው። ላዮች ከዳገቱ የመጡ፣ ታቾች ከወንዙ ዳር የመጡ ናቸው። ቋንቋቸው ይለያያል፣ ለቅሷቸው ይለያያል፤ ሲሰዳደቡ ግን የሚያስቀና መግባባት አላቸው። ሳጅን ሚዛን የተወለደው ከላይ እናትና ከታች አባት ነው። አዋላጇ ሕፃኑን ብድግ አድርጋ «የማን ነው?» ብትል ላዮች «የታች»፣ ታቾች «የላይ» አሉ። ሕፃኑም ነገሩ ወዲያው ስለገባው፣ ጥርስ እስኪያበቅል ድረስ ሳያቋርጥ አለቀሰ ይባላል።

እናትና አባቱ ይዋደዱ ነበር፤ ፍቅራቸው ግን ድምፅ ነበረው። አባት ጭልፋ ይወረውራል፣ እናት በድስት ክዳን ትመልሳለች። ሁለቱም አልመው መምታት ስለማያውቁ፣ የሚወረወረው ሁሉ መሃል ቆሞ «ኧረ ተዉ» የሚለው ልጅ ላይ ያርፋል። ግንባሩ ላይ በቀኝ ያለው ጠባሳ የአባቱ ወገን፣ በግራ ያለው የእናቱ ወገን ነው። እንዲህ ባለው ቀን ሸሽቶ የሚገባው ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ነበር። ጋጋሪው ከታች ነው፤ ግን የልጅ እብጠት ከየት ወገን እንደመጣ አይጠይቅም። ትኩስ ዳቦ ለሁለት ይገምስና ግማሹን ያበላዋል፣ ግማሹን እብጠቱ ላይ ያደርግለታል።

ልጁ ሲያድግ ፖሊስ ሆነ። ሌላ ምን ይሁን? ዕድሜውን በነጻ ሲመታ የኖረ ሰው በደመወዝ ቢመታ አይፈረድበትም። ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ የሚባለው ነገር ወደ ከተማችን ሲመጣ አለቆቹ ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሰው ፈለጉ። በመነጽር ቢፈለግ ጠፋ። ስለዚህ ሁለቱም ወገን እኩል የማያምነውን ሾሙ።

ጣቢያው ገበያው ጫፍ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ካቴና አለው። የሳጅን ጥበብ ካቴናው አንድ ከመሆኑ የመጣ ነው። ጠብ ሲነሣ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ይይዝና የአንዱን ቀኝ ከሌላው ግራ ጋር ያቆራኛል። ከዚያ ከተማውን ያዞራቸዋል። መጀመሪያ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ። ትንሽ ቆይተው ሳጅንን ይሰድባሉ። ሽንት ሲመጣ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲያክ የሌላው እጅ አብሮ ያካል። ሲፈቱ «ወንድሜ» ተባብለው ነው። እርግብ አርቢውና እርግቦቹን የበላው ውሻ ጌታ እንዲህ ታስረው ዛሬ አማቾች ናቸው።

«ከአንድ ወገን ብቻ አላስርም» ይል ነበር ሳጅን፤ ሚዛን ያልነውም ለዚሁ ነው። ጥፋተኛው አንድ ብቻ ቢሆንስ ብሎ የጠየቀው የለም። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም ጥፋተኞች ነበርን፤ ጥያቄው ከየት ይምጣ?

አንድ ቀን ሥጋ ሻጩ ሱቁን ሲከፍት አንድ የታች ልጅ ባጃጁን ደጁ ላይ ገትሮ አገኘው። ሥጋ ሻጩ ከላይ ነው፤ ትከሻው የበር ስፋት ስላለው ወደ ሱቁ የሚገባው በጎኑ ነው።

«አንሳ!»

«ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

«እኔም በሬ እየጠበቅሁ ነው፤ በየት ይግባልኝ?»

«ምነው፣ ገብቶ ሱቅ እየከፈተ አይደል?»

ሰፈሩ ሳቀ። ከሥጋ ሻጩ ሰዎች ሳይቀር የሳቁ ነበሩ። ሥጋ ሻጩ ግን እጁ ላይ የበሬ ቅልጥም ይዞ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሰነዘረ። የልጁ መንጋጋ ከቦታው ተነሥቶ የጆሮው ጎረቤት ሆነ፤ ጥርሶቹ መሪው ላይ ተበተኑ። ሴቶች አንሥተው በገዛ ባጃጁ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት።

ሳጅን ፊሽካውን እየነፋ ደረሰ። የሥጋ ሻጩን ቀኝ እጅ ቆለፈ። ሁለተኛው ቀለበት ባዶውን ተንጠለጠለ። ሳጅን ባዶ ቀለበት አይቶ አያውቅም፤ ጥርሱ የወለቀ አፍ ያየ ያህል ደነገጠ። ዞር ሲል ጋጋሪው እስከ ክርኑ ዱቄት ሆኖ ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ያያል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ከታች አንድ ሰው ጎደለኝ።»

«እና እኔ ምን አደረግሁ?»

«ምንም። ላይን ብቻ አስሬ ከሄድኩ ላዮች ይነሡብኛል። እርስዎ ለሰላም ነው።»

«ምድጃ ውስጥ ዳቦ አለኝ እኮ፣ ልጄ!»

«ቶሎ እንመለሳለን።»

«እንግዲያው ግራዬን እሰር፤ ቀኙ ሊጥ ነው» አለ ጋጋሪው። ሳቀ፤ ፊቱ ግን አልሳቀም።

ጣቢያ ገቡ። ሳጅን ሥጋ ሻጩን የሚወስድ መኪና እንዲላክለት ወደ ዋናው ጣቢያ ደወለ። መኪናው «መጣሁ» አለ፤ መኪና ደግሞ ሲዋሽ እንደ ሰው አያፍርም። ይህ ሁሉ ሲሆን ምድጃው ጋጋሪውን ሲጠብቅ ሲጠብቅ ዳቦውን አሳረረው። ጥቁር ጭስ ከዳቦ ቤቱ ጣራ ወጥቶ ከተማው ላይ ተጋደመ።

ወሬ ከእሳት ይፈጥናል። «ላዮች ጋጋሪውን ከነዳቦው አቃጠሉት!» ተባለ። ባለባጃጁንም ሐኪሙ ገና ሳያየው ታች ሰፈር ቀብረው፣ እርም አውጥተው ጨርሰዋል። ታቾች እንደ ጎርፍ ወጡ። መጀመሪያ ያገኙት ላይ ሰው ጫማ ሠሪው ነበር፤ በገዛ መዶሻው ክንዱን ሰበሩት። ላዮች በአጸፋው ልብስ አጣቢውን ከደረጃ ላይ ጎትተው አወረዱት፤ እያንዳንዱን ደረጃ በጭንቅላቱ አወቀው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ የሚያውቀው ድንጋዩ ብቻ ነው። መስታወት ዘነበ። ሁልጊዜ ሰላም የሚሰብኩት ጡረተኛ መምህራችን ሳይቀሩ የሰው አውራ ጣት ነክሰው ሲጎትቱ ታዩ፤ የየት ወገን ጣት እንደሆነ እስካሁን አልተጣራም።

ሁለቱም ሠራዊት ጣቢያውን ከበቡ።

«ሥጋ ሻጩን አውጣ!» አሉ ታቾች።

«ጫፉን ብትነኩት!» አሉ ላዮች።

ጋጋሪው በመስኮት ብቅ አለ። «ኧረ አልተቃጠልኩም! ዳቦዬ ነው!» ማን ይሰማዋል? ድንጋይ መስኮቱን ሰብሮ የሥጋ ሻጩን ቅንድብ ከፈለ። በሩ የሚያክለው ሰውዬ ሲወድቅ ጋጋሪውን ይዞት ወደቀ። የአንዱ ደም የሌላውን ዱቄት አቦካው። ውጭ በሩን በመጥረቢያ ይፈልጡ ጀመር።

ጋጋሪው ከወለሉ ቀና አለ። «ስማኝ ልጄ። ትንሽ ሳለህ መሃል ቆመህ የሁለቱን ጭልፋ ትቀበል ነበር። አደግህና መሃል እኔን አቆምከኝ።»

ሳጅን ቁልፉን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው።

«በሰው ፊት እንዳሰርከኝ በሰው ፊት ፍታኝ። ምንም አላጠፋም በል። ጭሱንም ንገራቸው።»

«እርስዎን ከፈታሁ እሱ ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን ከቀረ ይቦጫጭቁታል።»

«አይፈቱ ጋሼ፣ በፈጣሪ!» አለ ሥጋ ሻጩ፣ ከዚያ ሁሉ አካል ትንኝ የምታክል ድምፅ አውጥቶ።

«አንተ ዝም በል! በቅልጥም ስታወራ ውለህ!» አለው ጋጋሪው።

በሩ ወደቀ። ሳጅን ሁለቱን ይዞ ወጣ። ታቾች ተቃጠለ ያሉትን ጋጋሪ በእግሩ ቆሞ ሲያዩት ትንሽ ረገቡ፤ ሰው አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ ሟች ሲመጣበት ማፈሩ አይቀርም።

«ጭሱ የዳቦ ነው!» አለ ሳጅን። «ዳቦው ያረረው እኔ ጋሼን ከምድጃቸው ላይ ስለወሰድኳቸው ነው። ምንም አላጠፉም። ያሰርኳቸው ከታች ስለሆኑ ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የጋጋሪውን እጅ ፈታ። ከዚያ ከታቾች መካከል አንዱ ሒሳቡን ጨረሰ፦ «እንግዲያው ሥጋ ሻጩ ብቻውን ነው!»

ዱላው ሁሉ አንድ ላይ ተነሣ። ሳጅን ባዶውን ቀለበት አየ፤ ከዚያ በራሱ ግራ እጅ ላይ ቀጭ አድርጎ ቆለፈው። ቁልፉን ለጋጋሪው ወረወረለት።

«አሁን ብቻውን አይደለም።»

«አንተ ማን ነህና? ከላይ ነህ ከታች?»

«እሱን ስታውቁ ንገሩኝ፤ እኔም ስጠይቅ ነው የኖርኩት። አሁን ዞር በሉ፣ ሕግ ፊት የሚቆም ሰው ይዣለሁ።»

ዞር ያሉም ነበሩ፣ ያላሉም ነበሩ። ከታች በኩል የመጣ ድንጋይ የግራ ጆሮውን ወሰደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሳጅን ጆሮ ባዳነቱን አረጋግጦ ጥሎት ሄደ። ሰዋችንን አሰረብን ያለ የላይ ዱላ ደግሞ የፊት ጥርሱን አረገፈ። ሚዛን እስከ መጨረሻው ሚዛን ነበር። ሊወድቅ ሲል ሥጋ ሻጩ በታሰረ እጁ ደግፎ፣ በሌላው ድንጋይ እየመከተ ተሸከመው፤ ትከሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ለደግ ነገር ዋለ። ገበያው መጨረሻ ላይ ያ «መጣሁ» ያለው መኪና፣ እንዳልዘገየ ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

ሐኪሙ የጆሮውን ቁስል ሰፍቶ ሲጨርስ ቁልፉ ተፈለገ። ወደ ጋጋሪው ሰው ተላከ።

«ንገሩት» አለ ጋጋሪው፣ «ሊጥ ላይ ነኝ። ነገ አመጣለሁ።»

ሳጅን ከሥጋ ሻጩ ጋር እስር ቤት አደረ። ሥጋ ሻጩ ያንኮራፋል። ለሽንትም ብዙ ጊዜ ይወጣል።

በነጋታው ጋጋሪው ቁልፉንና አንድ ትኩስ ዳቦ ይዞ መጣ። ዳቦውን ለሁለት ገመሰ፤ ግማሹን አበላው፣ ግማሹን እብጠቱ ላይ አደረገለት።

«እንዴት ነው፣ ያለጥፋት መታሰር?»

«ይመራል፣ ጋሼ።»

«እኔም እንዲያው ነው የቀመስኩት» አለና ፈታው።

ሥጋ ሻጩ ተፈርዶበት ታሰረ። ባለባጃጁ ከሞት ተነሥቶ ሾርባ በቀሰም ይጠጣል፤ ምላሱ ግን ምንም አልሆነም፣ ሥጋ ሻጩን ሊጠይቅ እስር ቤት ሄዶ «በሬው ገባ ወይ?» ብሎታል። ሳጅን ካቴናውን አልጣለም። ጥፋተኛውን ብቻ ይይዛል፤ ሁለተኛውን ቀለበት ራሱ ላይ ይቆልፋል። ቁልፉ ጋጋሪው ዘንድ ነው የሚቀመጠው፤ ጋጋሪው ደግሞ ሁልጊዜ ሊጥ ላይ ነው። እኛም ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ስንል፣ ከሳጅን ጋር ሽንት ቤት መመላለሱ ትዝ ይለንና የጫማችንን ማሰሪያ አጥብቀን ቀና እንላለን።