የኋላው ጥርስና የአባቴ በረባሶ

ባኬ ጃማ ሰፈር ታች፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ጀርባ፣ አሮጌ ጎማ እየቆረጡ በረባሶ የሚሠሩ ሰውዬ አሉ። ትናንት ዝናብ ሸሽቼ እሳቸው ጋ ተጠለልኩ። ቢላዋው ጎማውን ሲሰነጥቀው ያ ሽታ ወጣ። ታውቀዋለህ አይደል? ጉሮሮ ላይ የሚቀመጠው። ዝናቡ ይሻለኛል ብዬ ተመልሼ ወጣሁ። ሰውዬው ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ፣ እኔና ጓደኛዬ ብስክሌት ላይ ሞተር ገጥመን ነበር። እሱ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ከኮሌጅ እንደወጣ ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ ገጠር ውስጥ አስተማሪ ተብሎ ተመደበ፤ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ሌሎቹ መምህራን እዚያው ተከራይተው ያድራሉ። እሱ ግን ዓይናቸው የጠፋ እናት አሉት፤ ከእሱ በቀር እሳት የሚያነድላቸው ሰው የለም። እኔም እንደ ልጃቸው "ሀርሜ" ነበር የምላቸው፣ እናቴ እንደማለት ነው በኦሮምኛ። እናም በየማታው ቤቱ መግባት ነበረበት፣ አለቀ። ሞተሩን ያሰበው ለዚህ ነው እንጂ ለጉራ አይደለም። ጉራው የእኔ ነበር።

ሞተሯ ከተጣለ የውሃ ፓምፕ የተፈታች ናት። እሷን ማሰሩ ቀላል ሆነ። አሳር ያበላን የኋላው ጥርስ ነው፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርሳም ብረት። የኋላው ጎማ ሽቦዎች ላይ በዘጠኝ ብሎን ይታሰራል፤ ሽቦዎቹን እንዳይጎዳም በየብሎኑ ሥር ላስቲክ ይገባል። ከሞተሩ ጥርስ ጋር አንድ መስመር ካልያዘ፣ ወይም ሲዞር ከዋለለ፣ ሰንሰለቱ ይዘላል። ጓደኛዬ ከፊት እስከ ኋላ ሲባጎ ወጥሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ይለካል። እኔ ብሎኑን ስጣደፍበት "ጃላ፣ ቀስ!" ይለኛል። ወዳጄ ማለቱ ነው።

ላስቲክ አልነበረንም። እኔ ብልጡ ከአባቴ አልጋ ሥር አሮጌ በረባሶውን ጎትቼ አወጣሁ። አባቴ በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ እዚህ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ ያረጀ ሰው ነው። ግራ እግሩን ይጎትታል። ስለዚህ የግራ በረባሶው ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ያልቃል፤ ወዲህ ጣት የሚያህል ወፍራም፣ ወዲያ ቅጠል። ይህንን እያየሁ ዘጠኝ ቦታ ቆራረጥኩና እንደመጣልኝ ደረደርኩት።

እሁድ ከሰዓት ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ጓደኛዬ ቤንዚን ሊፈልግ ሲወጣ "በጠመኔው ሞክረው" አለኝ። ጠመኔውን ከጥርሱ አጠገብ ትይዝና ጎማውን ታሽከረክራለህ፤ ጥርሱ የተስተካከለ ከሆነ ዙሪያውን በሙሉ ነጭ ይነካዋል። አሽከረከርኩ። ነጩ ያረፈው ግማሹ ላይ ብቻ ነበር።

ዘጠኙን ብሎን እንደገና መፍታት! እጄ ተልጧል፣ ዝናቡ ደርሷል፣ ነገ ደግሞ ሰኞ ነው። ነጩን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት።

"ተስተካከለ?" አለኝ ሲመለስ።

"እንከን የለውም!"

አመነኝ። ያ ሁሉ ሲባጎ የሚወጥር ሰው፣ እኔ ስለሆንኩ አመነኝ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ሀርሜ ደጃፉን ይዘው "ነጋን ገሊ" አሉት፤ በሰላም ግባ። የሞተሩ ጩኸት ሰፈሩን አናወጠው፣ ልጆች ከኋላው ሮጡ፣ እሱም አንድ እጁን አንሥቶልኝ እየሳቀ ሄደ። ዲጋ መንገድ ቁልቁለቱ ላይ ሰንሰለቱ ዘሎ ሽቦዎቹ ውስጥ ተጠመጠመ፤ ጎማው ተቆለፈ። ከቀትር በፊት ሬሳውን አመጡት።

ብስክሌቱን እኛ ግቢ ጣሉት። አባቴ ከቀብር ሲመለስ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። በረባሶውን የሰፋበት ቀይ ሽቦ አንዱ ላይ ተሰክቶ ነበር። "ይሄማ የኔ ነው" አለ። በአንድ ጎን ማለቁን አየ። ከዚያ ግራ እግሩን አየ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ በረባሶ አላደረገም። በየማታው፣ ጥበቃ ከመግባቱ በፊት፣ እግሩን እየጎተተ ሄዶ የሀርሜን እሳት ያነድ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ። በዚያ በጎጃም ኦሮምኛው "ልጅዎን የገደለው የኔ እግር ነው" ብሏቸዋል። እሳቸው እጁን ፈልገው ይዘው "የዋቃ ነው፣ የእግዜር ነው" አሉት። ይህን ሁሉ እንጨት ተሸክሜ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። እንጨቱን አስቀምጬ ወጣሁ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አባቴ ባለፈው ክረምት አረፈ። በመጨረሻው ሰሞን ግራ እግሩን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ እንደ ባዳ ያየዋል። "ይቺን እግር ያኔ ስትጎዳ ቆርጠው ጥለዋት ቢሆን" አለኝ አንድ ቀን፣ "ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነበር።"

አባዬ፣ እግርህ አይደለም፣ ጠመኔው ነግሮኝ ነበር። ይህችን ብቻ ማለት ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጣች።

"ብርድ ይመታሃል" አልኩት፣ እግሩንም መልሼ ሸፈንኩለት።