የኔታ ጥበቡ ተቀምጠው የተቀበሉት ሐኪም

መሪጌታ ጥበቡ፣ የድጓው መምህራችን፣ ዐርፈዋል፤ አርባቸውም ወጥቷል። የኔታን የምታውቁ ሁሉ መርዶውን ሰምታችኋል። እንዴት እንደ ሞቱ ግን የሰማችሁት ልዩ ልዩ ነው። ስለዚህ በነገሩ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ አንድ በአንድ እጠራለሁ። የመጀመሪያው ራሳቸው የኔታ ናቸው፤ ከእንፍራንዝ መጥተው በሐይቁ ዳር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን እስኪያረጁ ዜማ ያስተማሩ። ሁለተኛዋ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ ናቸው። ሦስተኛዋ ሲስተር እመቤት ናት፤ በየቤቱ እየዞረች በሽተኛ የምታይ ነርስ፣ ልጄ። አራተኛው ዶክተር ናትናኤል ነው፤ የኔታን በስልክ ምስል ሲከታተል የነበረው ሐኪም። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ የእመቤት አባት፣ በፋብሪካ መካኒክነት ጡረታ የወጣሁ ጎረቤታቸው። ማንንም ለመክሰስ አልጽፍም፤ ማንንም ነጻ ለማውጣትም አልጽፍም።

የኔታ ሲያስተምሩ ጀርባቸውን ለተማሪው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ይቀመጡ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «የፈራ ልጅ ዜማው ጉሮሮው ላይ ይቀራል፤ ፊቴን አይቶ ከሚፈራ ጀርባዬን አይቶ ይሳሳት» አሉኝ። ዜማው ሲሰበር እጃቸውን ብቻ ያነሣሉ፤ ተማሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምራል። ክረምት ላይ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ ባዶ አኮፋዳ ይዞ ሲመለስ የራሳቸውን ምግብ ይሰጡታል። «እኔ በልቻለሁ» ይላሉ። አለመብላታቸውን የሚያውቁት ወይዘሮ ሙሉነሽ ብቻ ነበሩ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በራሴ ነው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ዳዊት እንዳነብ ሰጡኝና ስሳሳት አጠገቤ የተቀመጡት ደብተራዎች ሣቁ። የኔታ ተቆጡ። «ሳይማር በሚያነብ ሰው አትሣቁ፤ ተምሮ የማያነብ ሞልቷል» አሏቸው። በማግሥቱ ጠርተውኝ «ና አንተ ብረት ቀጥቃጭ፣ ይህ ቃል ወዳቂ ነው፤ ድምፅህን ዝቅ አድርግበት እንጂ እንደ መዶሻ አታንሣው» እያሉ አረሙኝ። ከዚያ ወዲያ ያነበብሁት ሁሉ የእሳቸው እጅ አለበት።

በኋላ ልባቸው ደከመ። ሆስፒታል ተኝተው ተሻላቸውና በቤታቸው ሆነው እንዲታከሙ ተደረገ። የቤት ለቤት ሕክምናው መመሪያ አለው፤ እመቤት ሰጥታኝ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ነርሷ ቤት ሄዳ ታያለች፤ ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን በስልክ ምስል በሽተኛውን ራሱን አይቶ፣ ራሱን አነጋግሮ ያዛል። ሐኪሙ ሳያይ ነርሷ የመድኃኒት መጠን አትለውጥም፤ ድምፅ ብቻ ከሆነም አዲስ ትእዛዝ አይሰጥም። በሽተኛው ካልፈቀደ ገላው በካሜራ አይታይም። በዚህ ውስጥ ክፉ ሐሳብ አላገኘሁም። ያለ ሐኪም መድኃኒት የሚያድል ሰው ስንቱን እንደ ጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። የሰውን ገላ ያለ ፈቃዱ የሚያሳይም ነውረኛ ነው።

ነገር ግን መመሪያውን ያወጡት ሰዎች የእኛን ቤት አያውቁትም። ስልኩ በሚደወልበት ቀን የየኔታ ቤት ይጠረጋል። ወይዘሮ ሙሉነሽ ፊታቸውን ያጥቧቸዋል፤ ነጭ ጥምጥም ይጠመጥሙላቸዋል። እኔ ከአልጋ አንሥቼ ወንበር ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ንጹሕ ጋቢ እስከ መሬት ይለብሳሉ። እንግዳን ተኝቶ መቀበል በእኛ ዘንድ አይሆንም፤ ይልቁንም የተማረ እንግዳን።

የልብ ድካም ሰውን ሲተኛ ያፍነዋል፤ ሲቀመጥ ፋታ ይሰጠዋል። ውኃውም እግር ላይ ይጠራቀማል። እንግዲህ አስቡት። የኔታ ለክብር ሲሉ ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸው ተሻለ። ለክብር ሲሉ እግራቸውን ሸፈኑ፤ እብጠቱ ተሰወረ። ሐኪሙ ያየው ጥምጥሙ ያማረ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሽማግሌ ነው።

«እንዴት ሰነበቱ፣ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንተስ ልጄ? ሚስት አገባህ?»

«ኧረ ገና ነኝ።»

«እንግዲያው በሽተኛው አንተ ነህ፤ እመቤት አንተን ትመርምርህ።»

ሁላችንም ሣቅን። እመቤት ግን አልሣቀችም። «ዶክተር፣ እግራቸው አብጧል። ትራስ ደራርበው ነው የሚያድሩት፤ ጋደም ማለት አልቻሉም» አለች።

«እሷን አትስማት» አሉ የኔታ። «ማሕሌት ቆሞ ያረጀ እግር ቢያብጥ ምን ይገርማል?»

«እስቲ ጋቢውን ገለጥ አድርገው ያሳዩኝ።»

«እግሬን በእንግዳ ፊት? ተው እንጂ! ቤቴ ስትመጣ ታየዋለህ።»

ሐኪሙ ደግሞ ለመናቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። እመቤት እጇን ወደ ጋቢው ሰደደች። ወይዘሮ ሙሉነሽ «ተይ አንቺ!» ብለው ገሠጿት፤ እጇን መለሰች። ሐኪሙ ሆስፒታል እንዲመጡ ነገራቸው። የኔታ ግን ለንግሥ የሚያቆሟቸው ተማሪዎች አሉና «በዓሉ ይለፍ» አሉ።

መንገድ ላይ እመቤት አለቀሰች። «አባባ፣ ውኃውን የሚያወጣው መድኃኒት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። መጠኑን ከፍ ማድረግ ነበር የሚያስፈልገው።»

«ታዲያ ጋቢውን ለምን አልገለጥሽውም?»

«የኔታን? በሰው ፊት? እንዲህ አድርገው ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም?»

ልጆቼን ታላቅን አክብሩ ብዬ በቁጣ አሳድጌአለሁ፤ ዛሬም አልጸጸትም። ሆኖም ከሐኪም ፊት እውነትን የሚሰውር አክብሮት አክብሮት አይደለም። ይህን ለልጄ በጊዜው መንገር ይገባኝ ነበር።

እመቤት በዚያው ቀን ለሐኪሙ ደወለች። አመናት፤ ቀጠሮውንም አቀረበላቸው። ቀኑ ሲደርስ ግን ኔትወርኩ ምስል አላሳልፍ አለ። የኔታ ከጥዋት ጀምሮ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ስልኩን ይዘን ወደ ደጅ ወጣን፤ ወደ ሐይቁም ዞርን፤ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው።

«እየታፈኑ ነው፣ ዶክተር። መድኃኒቱን ልጨምርላቸው?»

ሐኪሙም «ሳላያቸው ማዘዝ አልችልም፣ እመቤት። አሁኑኑ ይዛችሁልኝ ኑ» አለ።

ባጃጅ ልፈልግ ሮጥሁ፤ አገኘሁም። ባለ ባጃጁን ከደጅ አቁሜ ስገባ ወይዘሮ ሙሉነሽ ጥምጥሙን እየጠመጠሙላቸው ነው። «ይተዉት፣ እንሂድ!» አልሁ። የኔታ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ... ባዶ ራሴን ሐኪም ፊት አልቀርብም» አሉ። የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነው። ጥምጥሙ ሳያልቅ ራሳቸው ወደ ጎን ዘነበለ። ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ዐረፉ።

ስንገንዛቸው እግራቸውን አየሁ። አውራ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ሰርጉዶ ቀረ። መድኃኒቱ ያድናቸው ነበር ወይ ብዬ እመቤትን ጠየቅኋት፤ አታውቅም። ዶክተሩም አላውቅም አለ። እኔም አላውቅም። ማንም የማያውቀው በመሆኑ ነው የከበደን።

ዶክተር ናትናኤል ለቅሶ መጣ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ቀና ብለው አዩትና «መጣህ? ቤቴ ስትመጣ ታየዋለህ ብለውህ ነበር፤ ዘገየህ» አሉት። አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ ግን አጠገባቸው ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው።

መመሪያ የምትጽፉ ሰዎች ሆይ፣ በሽተኛው ደህና ነኝ ሲል ነርሷ አይደለም ካለች፣ የእሷም ዐይን እንደ ሐኪሙ ዐይን የሚቆጠርበትን መስመር ጨምሩ። የታመማችሁ ሰዎች ሆይ፣ ሐኪም እንግዳ አይደለም። ተኝታችሁ ተቀበሉት፤ እግራችሁን አሳዩት።

እንግዲህ የኔታ፣ ስንብቴ ይህ ነው። በሕይወት ሳሉ ያስከፈሉን ነገር አልነበረም፤ ሞትዎ ያስከፈለንን ግን አልደብቅዎትም። ወይዘሮ ሙሉነሽ ቤቱን ዘግተው አንበሳሜ ከተማ እህታቸው ዘንድ ገብተዋል። ድጓውን ያጋመሱት ተማሪዎችዎ ሌላ መምህር ፍለጋ ተበትነዋል። ዶክተር ናትናኤል በስልክ ማከሙን ትቷል፤ ጢስ ዓባይ ድረስ በእሱ ምስል ብቻ ሐኪም ያዩ የነበሩ በሽተኞች አሁን የሚያያቸው የለም። እመቤት የቤት ለቤት ሥራውን ለቅቃ ሆስፒታል ገብታለች፤ በሰፈራችን ቁስላቸውን ታጥብላቸው የነበሩ ሽባዎች በራቸውን ከፍተው ይጠብቋታል። እኔ መምህሬን አጥቻለሁ። ነፍስዎን ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን፣ የኔታ። የከፈልነው እስከ ዛሬ ይህ ነው፤ ከእነዚያ በር ከፍተው ከሚጠብቁት አንዱ ሲሞት ደግሞ ይጨመርበታል።