ዕፀ ሕይወት በአባቴ ራስ ውስጥ

አባቴ የካ ተራራ ሥር ባለው ደብራችን በጸናጽልና በመቋሚያ ያረጀ ሰው ነው። ለማኅሌት የሚቆም እህል ውሃ ሳይቀምስ እንደሚቆም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አምና በንግሡ ዕለት፣ ወረቡ ደምቆ ሳለ፣ ሌሎቹ ወደ ቀኝ ሲሉ እሱ ወደ ግራ ሄዶ አጠገቡ ከቆሙት መሪጌታ ጋር ተላተመ። የእኛ ሰፈር ሰው ሐሜት ሲያገኝ ጾም አይይዘውም፤ "ጠጥቶ ነው የመጣው" የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ቤት ደረሰ።

እናቴ ጋቢውን ስታለብሰው ጠጋ ብላ አፉን ስታሸት አየኋት። እሱም አይቷታል። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለው።

እየተንገዳገደ ሲብስበት መገናኛ አካባቢ ወዳለች የነርቭ ሐኪም ወሰድኩት። ወጣት ናት። "አባባ፣ መጀመሪያ አፍንጫዎን፣ ከዚያ የእኔን ጣት ይንኩ" አለችው። እጁ ደህና ሄዶ፣ ጣቷ ጋ ሲቃረብ ይንቀጠቀጥና አልፏት ይሄዳል።

ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ከትልቁ አንጎል ሥር፣ ትንሹ አንጎል የሚባል አለ አለችን። ትልቁ እጅን ተነሣ ይለዋል፤ ትንሹ ደግሞ በምን ያህል ጉልበት፣ መቼ፣ የት ላይ እንደሚቆም ይመጥንለታል፤ ሲስት ያርመዋል። መጠኑ ከቡጢ አይበልጥም፤ ከአንጎል የነርቭ ሴሎች ሁሉ ግን ከግማሽ በላይ የታጨቁት እዚያ ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጸናጽሉ ወርዶ ከከበሮው ጋር እኩል የሚያርፍባትን ቅጽበት ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ፤ ማን እንደሚመጥናት ግን ጠይቄ አላውቅም። እኔስ ብሆን ሻዬን ሳላፈስ የምጠጣው በማን ሆነና!

አባቴ የተነሣውን የአንጎል ምስል አሳየችን። መሐሉ ላይ ግንድና ቅርንጫፍ ይታያል። "ይህን የሕይወት ዛፍ እንለዋለን" አለች።

"ዕፀ ሕይወት?" አባቴ አማተበ። "ይህን ተሸክሜ ነው ስዞር የኖርኩት?"

ቅርንጫፎቹ ሳስተዋል፤ የሳሳውን መመለስ አይቻልም፤ ልምምድ ግን ይረዳል አለችው። "መጠጥም ሰውን የሚያንገዳግደው ይህንኑ ቦታ ነክቶ ነው። ለዚህ ነው የሚመሳሰለው።"

አባቴ፣ "ልጄ፣ ደብሩ ይቆይ፤ ይህን ለባለቤቴ ንገሪልኝ" አላት። ደውዬ ስልኩን ለሐኪሟ ሰጠኋት። እናቴ ሁሉንም ሰምታ ዘጋችው።

ከታክሲ ስንወርድ አስፋልቱ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ሰዓቱ ምእመኑ ከሠርክ ጸሎት የሚወጣበት ነበር። ሁለቱ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ እንኳ አይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበሩ። ክንዱን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

"ይደገፉኝ።"

"ኧረ ሰው ያያል" አላት።

"ይይ!"