በሳህን ውሃ የተለካው ቤታችን

ልጄ ቃልኪዳን ዲላ ባለው ቤታችን ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ለኮምፒውተር ጨዋታ የሚሆን ተራራና ሜዳ ያለው አገር ስትሠራ፣ ኮረብታውን በቆረጠች ቁጥር አፈር ሲንሸራተት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ያን ድምፅ ስሰማ አባቴ ወናጎ አጠገብ በዶማ ይቆርጠው የነበረው ዳገት ትዝ ይለኝና ሥራዬን ትቼ ከኋላዋ እቆማለሁ።

በጋ ነበር፣ እኔም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች አባቴ ዝናቡ ሳይጀምር አዲስ ቤት ሊያስገባት ቸኩሎ ነበር። በእኛ ሰፈር ሜዳ ስለሌለ ቤት የሚሠራ ሰው ዳገቱን ቆርጦ፣ አፈሩን ወደ ታች በኩል ሞልቶ ይደለድላል። አባቴ ለሚሞላው አፈር ቦታ እንዲያገኝ ብሎ ከታች የነበረውን የእንሰት ረድፍ ነቀለው። ጎረቤታችን ጋሽ ጅግሶ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «አንተ ሰው፣ የተሞላ አፈር ክረምት ሳያልፍበት ቤት አይሸከምም። እንሰቱንስ ነቅለህ አፈሩን ምን ሊይዝልህ ነው?» ይሉት ነበር። አባቴም፣ «ሕፃኑ ክረምት እስኪያልፍ አይጠብቀኝማ፣ ጋሼ» እያለ ይስቅ ነበር።

ወለሉን የምንለካው በሳህን ውሃ ነበር። አባቴ ረጅም ጣውላ ያጋድማል፣ እኔ ሳህኑን እስከ አፉ ሞልቼ ጣውላው ላይ አስቀምጥና ውሃው በየት በኩል እንደፈሰሰ እነግረዋለሁ፤ የእሱ ዓይን ቅርቡን በደንብ አያይም ነበር። በመጨረሻው ቀን ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ታች በኩል ወረደ።

«እህስ፣ ምን ይላል?» አለኝ።

እውነቱን ብናገር እሱ እንደገና ሊቆፍር፣ እኔም ውሃ ልቀዳ እንደገና ምንጭ ልወርድ ነው። ደክሞኝ ስለነበር፣ «ቆሟል፣ አባባ» አልኩት።

የበልግ ዝናብ ሲገባ እህቴ ተወልዳ፣ እናቴ በአዲሱ ቤት በታች በኩል ባለው ክፍል ተኝታ ነበር። እኔ ዝናብ በጣለ ቁጥር የክፍሉ ማዕዘን ላይ የወጣውን ስንጥቅ በጣቴ እለካ ነበር፣ ለማንም ግን አልተናገርኩም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣቴን ላስገባ ስል መዳፌ ገባ። «እማዬ፣ ልጅቷን ይዘሽ ውጪ!» ብዬ ጮኽኩ፣ እሷም ሕፃኗን አቅፋ ወጣች፣ ብዙም ሳይቆይ ማዕዘኑ ከነአፈሩ ወደ ታች ሄደ።

አባቴ ዝናብ ላይ ቆሞ የፈረሰውን ማዕዘን ሲያይ ቆየና፣ «ያን ቀን ውሃው ምን ብሎሽ ነበር?» አለኝ።

«ወደ ታች ሄዶ ነበር፣ አባባ።»

ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ዝናቡ ሲያባራ ሳህኑን ይዘሽ ነይ» ብቻ አለኝ።

ያን ክረምት ጋሽ ጅግሶ ቤት ተጠግተን አሳለፍን። አባቴ ከታች እንሰት ተክሎ፣ አፈሩን እየሞላ፣ እየረገጠ፣ ዝናብ እያስመታ ቆየ፣ ሳህኑንም እኔው እይዝለት ነበር። ጋሽ ጅግሶ፣ «ቤቱን የጣለው ችኮላ ነው እንጂ የአንቺ ሳህን አይደለም» ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላመንኳቸውም።

አሁን ቃልኪዳን ኮረብታውን በአንድ ጣቷ ደልድላ፣ ጫፉ ላይ ቤት አስቀምጣ ትስቃለች። «ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?» ስላት፣ «እማዬ ደግሞ! እዚህ ዝናብ የለም እኮ» ትለኛለች። ትናንት ግን ዞር ብላ፣ «እስኪ እይልኝ፣ ተስተካክሏል?» አለችኝ። ቡና የምለቅምበት ሰዓት አልፎብኝ ነበር፣ ተስተካክሏል ብላት ደስ ይላት ነበር። ጎንበስ ብዬ ደህና አድርጌ አየሁትና፣ «ወደ ታች ያዘነብላል፣ ልጄ» አልኳት። እሷም አንዴ ነካ አድርጋ ደለደለችው። አባቴን አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶበት ነበር።