በእኔ ካርድ የታከሙት አባቴ

አባቴ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ጡረታ የወጡ ዕለት ጓደኞቻቸው አዋጥተው ጋቢ አለበሷቸው፤ አስተዳደር ክፍሉ ደግሞ የክሊኒክ ካርዳቸውን ተቀበላቸው። ሲያልቅ አያምር ይሉ የለ። በደንቡ የፋብሪካው ክሊኒክ ለሠራተኛ ብቻ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ማሽን ላይ ልቡን ሲያደክም ኖሮ፣ ሊታከም ሲል "ሠራተኛ አይደለህም" ይባላል። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ለነፃ ሕክምና ወረቀት ቀበሌ ሄድን። ሊቀ መንበሩ የጡረታ ደብተራቸውን አገላበጠና "እርስዎማ ገቢ አለዎት፤ ወረቀቱ ምንም ለሌለው ነው" አላቸው። ሾላ ገበያ አጠገብ ወደነበረው ጤና ጣቢያ ከፍለን ብንሄድም በሄድን ቁጥር የሚቀበለን ሌላ ሰው ነው፤ ሁሉም "ምንዎን ነው የሚያምዎት?" ብሎ ሀ ብሎ ይጀምራል። በሦስተኛው ጊዜ አባቴ "እኔን የምታውቀኝ ሐኪም አለችኝ" ብለው ተነሥተው ወጡ።

የፋብሪካውን ሐኪም ማለታቸው ነው። ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ቁጡ ሴት ነበረች፤ ልባቸው መድከሙን መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ናት። እኔም እዚያው ፋብሪካ ስፌት ክፍል እሠራ ስለነበር ችግራችንን ነገርኳት። ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

"እሳቸው እዚህ መግባት አይችሉም፤ አንቺ ግን ትችያለሽ" አለችኝ። "በየወሩ ነይና ሕመማቸውን ንገሪኝ፤ መድኃኒቱን በካርድሽ እጽፋለሁ። ከታወቀ ሁለታችንም እንጠየቃለን።"

በዚህ ዓይነት የአባቴን ሕመም በስሜ ታመምኩላቸው። ክሊኒክ ከመሄዴ በፊት ቤት እጠይቃቸዋለሁ።

"ትንፋሽ ያጥርዎታል?"

"እንደ ድሮው ነው።"

"እግርዎስ ያብጣል?"

"ምን ያብጣል፣ ደኅና ነኝ በያት።"

እኔም ደኅና ናቸው እላታለሁ፤ እሷም ያንኑ መድኃኒት በዚያው መጠን ትጽፋለች።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ፣ ሳልጠራት፣ ቦሌ ቤታችን ድረስ መጣች። በር ላይ "ሁልጊዜ ደኅና የሚሆን ልብ አላውቅም" አለችኝ። አባቴ ሊነሡላት ሲሉ አስቀመጠቻቸው። ካልሲያቸውን ራሷ አወለቀች፤ በአውራ ጣቷ ቅልጥማቸውን ጫን አድርጋ ለቀቀች። የተጫነችው ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ?"

"ከጾሙ መግቢያ።"

"ለምን አልነገሯትም?"

"ሕመሜ መጥናቱን ከሰማች መድኃኒት ይጨመር ትላለች" አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። "ሲበዛ ይታወቅባታል፤ ከሥራ ትባረራለች። እኔስ ዕድሜ ጠግቤያለሁ።"

ጾሙ ከገባ ጀምሮ እግራቸውን እንዳላጥባቸው ከልክለውኝ ነበር። "ፋብሪካ ውለሽ ደክሞሻል፣ ተይው" ሲሉኝ አልተከራከርኩም። እውነቱን ልናገር፣ አረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሐኪሟ ሆስፒታል እንዲያስተኟቸው ደብዳቤ ጻፈችላቸው። ተራ ሳይደርሳቸው፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ሞቱ። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ከጎኔ ተቀመጠች፤ በአንዲት ቃል እንኳ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ወደ ክፍለ ሀገር አዛወሯት። መስከረም ላይ ጉንፋን ይዞኝ ክሊኒክ ብሄድ፣ አዲሱ ሐኪም ካርዴን ገልጦ ብዙ አነበበና በሐዘኔታ አየኝ።

"በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ ያለ የልብ ድካም ይዞሽ መድኃኒቱን ለምን አቋረጥሽ?"

እውነቱን ብነግረው፣ ሐኪሟን ያለችበት ድረስ ሄዶ ተጠያቂ የሚያደርጋት አይጠፋም።

"ድኛለሁ" አልኩት። እሱም ጻፈው።