ሳሎን የተሠራባት ጀልባ

ባለቤቴ አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ገዝቶ ወደ መዝናኛ ሊለውጣት ሲነሳ፣ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓሣና በረዶ ይጫንበት በነበረው ሆዷ ውስጥ ለሁለታችን መኝታ ቤት እንዲሠራልኝ። እዚህ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ውስጥ፣ በቱስዞርግ፣ በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ፣ ከቤት ቤት እየዞርኩ ሽማግሌ ሳጥብና ሳነሳ ወገቤ አልቋል። በበጋ አንድ ሳምንት፣ ስልክ ሳይጠራ፣ ውሃ ላይ መተኛት አማረኝ። “ለአንቺ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?” አለኝ።

ጀልባዋ አምስተርዳም ኖርድ ቆማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዴን ሃግ ካለው ቤታችን እየተመላለሰ ይሠራት ጀመር። እኔ ሞኟ ስንቅ እቋጥራለሁ። አንድ ቀን ብሄድ መኝታ ቤት ብሎ ነገር የለም። ከሆዷ ከባድ ከባዱን አውጥቶ ጥሎ፣ ከላይ ሳሎን ገንብቶባታል። ዙሪያውን መቀመጫ፣ መሃል የግብር ጠረጴዛ፣ ብፌ ሳይቀር።

“መኝታዬስ?”

“ሰው ሲመጣ ቆሞ ይብላ? ምን ይሉናል?”

ጀልባዋን የሸጠለት ሆላንዳዊ ዓሣ አጥማጅ መክሮት ነበር። ጭነቷ ሲወጣ ትቀላለች፣ ከታች ክብደት ጨምርባት፣ ከላይ አትቆልልባት ብሎታል። የኔ ጌታ ጆሮ ዳባ ልበስ። “ከቡና ጋር አንድ ብስኩት ሰጥቶ የብስኩቱን ቆርቆሮ የሚከድን ሰው ስለ እንግዳ ምን ያውቃል?” አለ።

ለምርቃቷ ሰው ከሮተርዳም ሳይቀር መጣ። ያበሰልኩት እኔ ነኝ። ከወደቡ ፈቀቅ እንዳልን አንድ ትልቅ መርከብ ሲያልፍ፣ ሁሉም ፎቶ ሊያነሳ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ጀልባዋ ተንጋደደች። ብፌው ወደቀ፣ ወጡ ከነድስቱ በነጭ ልብስ ላይ ተደፋ። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሲወርዱ “በጣም ቆንጆ ናት” አሉን። ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም አልረገጧትም፤ በየድግሱ ግን መሳቂያ አደረጉን።

ሳሎኑን አፍርሰው ብዬ ብለምነው እምቢ አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ጠረጴዛውን ይወለውላል።

ባለፈው በጋ እረፍቴን ወስጄ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ። ሳሎኑ ጥግ ስፖንጅ አነጠፈልኝ። ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም ነበር።

“ጠዋት ግን ቶሎ አንሺው” አለኝ፣ “ምናልባት ሰው ከመጣ።”

ቦርሳዬን ሳልከፍት ተነሳሁ። እሱም ቦርሳዬን ተቀብሎኝ እስከ መሻገሪያው ፌሪ ድረስ ሸኘኝ። እንግዳ መሸኘትማ ያውቅበታል።